ለደንበኞቻችን፦ ወደ ገርባ ጉራቻ ሐይቅ የሚደረገው የእግር ጉዞ ለምን ስድስት ቀን እንደሚፈጅ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ወዳለው ገርባ ጉራቻ ሐይቅ መሄድ የምትፈልጉ ብዙዎቻችሁ አንድ ነገር ትጠይቁናላችሁ፦ በመኪና ሰነቴ ላይ ወጥቶ፣ ጥቂት ሰዓት በእግር ሄዶ፣ ሐይቁን አይቶ መመለስ ሲቻል ስድስት ቀን ምን ያደርጋል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሄደው መንገድ 4,000 ሜትር ላይ የተንጣለለውን የሰነቴ አምባ አቋርጦ ያልፋል፤ ሐይቁም ከዚያ መንገድ ብዙ አይርቅም። መድረሱ ከባድ አይደለም። ከባዱ አዳሩ ነው። ከዚህ በታች የምንጠይቃችሁ ነገር ሁሉ የሚመነጨው ከዚያ አዳር ነው።

ሐይቁ 3,950 ሜትር ላይ፣ በጥንት የበረዶ ግግር የተቦረቦረ ገደላማ ጎድጓዳ ውስጥ ተኝቷል። ስሙ በኦሮምኛ ጥቁር ሐይቅ ማለት ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ናት። ጠዋት ከአዲስ አበባ የተነሣ ሰው በማግስቱ ሰነቴ ላይ ቢያድር፣ ሰውነቱ ያልለመደውን ከ1,600 ሜትር በላይ በአንድ ትንፋሽ ወጣ ማለት ነው። በ4,000 ሜትር የአየሩ ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ቀን ላይ እየተንቀሳቀሰ የተቋቋመው ሰው ሌሊት ተኝቶ ትንፋሹ ሲቀንስ ነው ራሱን ይዞ የሚነሣው። የአጭሩ መንገድ ሌላው ችግር ቁልቁለቱ መጀመሪያ፣ ዳገቱ መጨረሻ ላይ መሆኑ ነው። ወደ ሐይቁ ስትወርዱ ቀላል ይመስላችኋል፤ ጉልበት ሲያልቅና ጉም ሲመጣ ደግሞ መውጣት አለ።

ከ3,000 ሜትር በላይ የሚመከረው የመኝታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ነው። ስለዚህ በዲንሾ በኩል እንገባለን። በመጀመሪያው ቀን ከአዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዘን 3,100 ሜትር አካባቢ ባለችው ዲንሾ እናድራለን፤ መግቢያው የሚከፈለው፣ አስጎብኚውና ባለፈረሶቹም የሚቀጠሩት እዚያ ነው። በሁለተኛው ቀን የዳንካን ሸለቆ ይዘን ወርጎና በሚባለው ካምፕ እናድራለን። በሦስተኛው ቀን ከወርጎና ወደ ሐይቁ አናት እንወጣለን። ከዲንሾ እስከ ሐይቁ ያለው 850 ሜትር ገደማ ልዩነት በሁለት ሌሊት የሚከፈለው በዚህ መንገድ ነው። አራተኛው ቀን የሐይቁ ነው። በአምስተኛው ወደ ሰነቴ መንገድ ወጥተን፣ መኪናው ተቀብሎን ጎባ እናድራለን፤ በስድስተኛው ወደ ቤት።

ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዱባይ ለገና ወይም ለጥምቀት የምትመጡ ደንበኞቻችን የምትኖሩት ባሕር ወለል አጠገብ ነው። ለእናንተ ይህም አይበቃም። ቢያንስ ሁለት ሌሊት አዲስ አበባ፣ ከዚያ ዲንሾ ላይ አንድ ተጨማሪ ሌሊት እንጠይቃለን። የእረፍት ጊዜያችሁ ሐምሌና ነሐሴ ብቻ ከሆነ ግን ሌላ ጉዞ ብትመርጡ ይሻላል፤ ያን ጊዜ ዝናብ ነው፣ መሬቱም ረግረግ ይሆናል። ጥሩው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። በዚሁ ወቅት ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ሁሉ ይለቀዋል፤ ስለዚህ የበጋው ሌሊት ከክረምቱ የባሰ ይበርዳል። ውርጭ ሁልጊዜ ጠብቁ።

በዚህ ምክንያት ድንኳን የምንተክለው ሐይቁ ዳር አይደለም። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈስና ጎድጓዳው ውስጥ ይጠራቀማል። ከፍ ያለው ቦታ ነፋስ አለው፤ ነፋሱን ግን በድንጋይ ከለላና በጥሩ ገመድ መቋቋም ይቻላል። ድንኳኑን ለሙቀት ብላችሁ ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉት። ትንፋሻችሁ ከጣሪያው ሥር ይቋጠርና ሌሊት ወደ በረዶ ይለወጣል፤ ጠዋት ፀሐይ ስትነካው ስሊፒንግ ባጋችሁ ላይ ይዘንባል። ከሰል ወደ ድንኳን ማስገባት በማንኛውም ምክንያት ክልክል ነው። ሽታ የሌለው ጭሱ ይገድላል።

ስሊፒንግ ባግ ስትመርጡ ምቾት የሚሰጥበት መጠን ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ወይም ከዚያ የባሰ ቅዝቃዜ መሆኑን እዩ። «እስከዚህ ድረስ ያድናል» የሚለውን ሌላውን ቁጥር አትመኑ፤ እሱ መትረፍን እንጂ መተኛትን አያመለክትም። ከሥር የሚነጠፈው ፎም ከላይ ከሚደረበው እኩል ዋጋ አለው፣ ብርዱ የሚመጣው ከመሬት ነውና። ጋቢ አምጡ፣ ግን ለካምፕ ብቻ። ጥጥ ከረጠበ እዚያ ከፍታ ላይ አይደርቅም፤ ለመንገድ ሱፍ ወይም ፍሊስ፣ ከላይ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ይሁን። ሲመሽ የፈላ ውኃ በማይፈስ ጠርሙስ ሞልታችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉት፤ ጠዋት የምትጠጡትም እሱን ነው። ስልክና ፓወር ባንክም አብረዋችሁ ይተኙ፤ ባትሪ ብርድ ላይ ካደረ ሞልቶ የነበረው ባዶ ሆኖ ይነጋል። አረቄ «ያሞቃል» የሚባለው ቆዳን ነው፤ የሰውነትን ሙቀት ግን ያባክናል።

ስለ ጫማ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። አዲስ ጫማ እግር ይልጣል፤ ቢያንስ ለሦስት ሳምንት አድርጋችሁት እንጦጦን ውጡበት። ለዓመታት ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ወይም ከሰው የተዋሳችሁት ጫማ ደግሞ ከአዲሱ ይብሳል። የሶሉ ፎም በዕድሜ ይሰባበራልና ላዩ ደኅና መስሎ፣ በሁለተኛው ቀን ሶሉ ከነተረከዙ ተገንጥሎ ይወጣል። አውራ ጣታችሁን ሶሉና ቆዳው በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ጫን አድርጋችሁ ሂዱበት፤ ከተፈረፈረ ወይም ከተላቀቀ ተዉት።

መሬቱም የራሱ ወጥመድ አለው። ከጓሳው መካከል የግዙፉ ፍልፈል ጉድጓዶች አሉ፤ አፋቸውን ሣር ይሸፍነዋል፣ ጣሪያቸው ስስ ነው፣ ቁርጭምጭሚት የሚጠመዘዘው እዚያ ላይ ነው። ቀይ ቀበሮን ስታዩ ቆማችሁ እዩ፤ እየተራመዳችሁ አትዩ። ውሻ ይዞ መምጣት አይቻልም። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ውስጥ ነው ያለው፤ ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታም ደጋግሞ ጎድቷቸዋል።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እንነሣለን የምንለው ለሥርዓት አይደለም። ከሰዓት በኋላ ከሐረና ደን በኩል እርጥብ አየር ሽቅብ ይወጣና አምባው በጉም ይሸፈናል፤ ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ቆሞ ሰው የሚመስላችሁ ያን ጊዜ ነው። እስከ 8 ሰዓት ካምፕ መግባት አለብን። የፀሐይ መነጽርና ሰፊ ባርኔጣ ደመና ቢኖርም ያስፈልጋሉ። ከንፈር ላይ ቅቤ መቀባት ድርቀትን እንጂ ፀሐይን አይከላከልም።

ምግብ ላይ የከተማ ልማድ አይሠራም። በ4,000 ሜትር ውኃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ምስር ቶሎ አይበስልም፣ ሩዙም ከውስጥ ጥሬ ሊቀር ይችላል። ሽሮ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎ ይሆናሉ። ከሁሉ የሚበልጠው በቅቤ የሚለወሰው የአርሲና የባሌ የገብስ ዱቄት፣ ጭኮ ነው፤ ትንሽ ቁራሽ ብዙ ጉልበት ይሰጣል፣ አይበላሽም። የሚያስቸግረው ጥሩው ወቅት ከነቢያት ጾም ጋር መግጠሙ ነው፤ ከኅዳር 15 እስከ ገና ለሚጾሙ ደንበኞች ለውዝ፣ ተምርና በማር የተበጠበጠ በሶ እናዘጋጃለን። እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ ሆኖ መሄድ ግን እዚያ ከፍታ ላይ አደጋ ነውና የንስሐ አባታችሁን አስቀድማችሁ አማክሩ። በቀን 3 ሊትር ውኃ ጠጡ። ከብት የሚግጥበት አካባቢ ስለሆነ የምንጩን ውኃ 3 ደቂቃ እናፈላለን። አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ ለማገዶ መቁረጥ ስለማይፈቀድ ምድጃና ጋዝ እኛ እንይዛለን።

ራስ ምታት ብቻ ከሆነ ያ ሰው ባለበት ያርፋል፤ ከፍ ወዳለ ቦታ አይሄድም። ማቅለሽለሽና ምግብ መጥላት ከተጨመረበትና ካልተሻለው ይወርዳል። ተቀምጦ ትንፋሽ ካጠረው፣ ካሳለው፣ ወይም ተረከዙን ከጣቱ እያገጣጠመ አሥር እርምጃ ቀጥ ብሎ መሄድ ካቃተው፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ይወርዳል። ሄሊኮፕተር የለም፤ አምቡላንሱ ፈረስ ነው። መውጫው በሰነቴ መንገድ ወደ ጎባ ሆስፒታል ነው። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባችሁና ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ያለ ሐኪም ፈቃድ አንቀበላችሁም። ለከፍታ የሚወሰድ መድኃኒትም ሐኪም ይዘዘው፤ ከጓደኛ አትዋሱ።

በመጨረሻ ስለ ፈረሶቹ። ለአንድ ሰው 12 ኪሎ፣ ለስላሳ ቦርሳ ውስጥ። ጎማ ያለው ሻንጣ ጠርዙ የፈረሱን ጀርባ ያቆስላል። ባለፈረሱ ሁለት ቦርሳ በሁለት እጁ አንጠልጥሎ ክብደታቸውን ያመዛዝናል፤ አንዱ ከከበደ ጭነቱ ወንዝ መሻገሪያ ላይ ይዞራል። ስለዚህ ልብሳችሁን መጀመሪያ ወፍራም ፌስታል ውስጥ ክተቱ። መታወቂያ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያላችሁ እሱን፣ በእጃችሁ ይሁን፤ የመግቢያ ዋጋው እንደ ዜግነት ይለያያል።

ከመነሻው ሦስት ሳምንት አስቀድማችሁ የምትኖሩበትን ከተማ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት፣ ጾምና የምግብ ጉዳይ፣ የቅርብ ዘመድ ስልክ እና የቦርሳችሁን ክብደት ላኩልን። ፈረሶቹን የምናዝዘው በዚያ ልክ ስለሆነ ከ12 ኪሎ የተረፈው መኪናው ውስጥ ይቀራል፤ መኪናውን ደግሞ የምናገኘው በአምስተኛው ቀን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉዞ ዝግጅት ክፍል