ለአባባ፣ ጥምቀት ሳይደርስ

አባባ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስልክ ላይ «ደህና ነኝ፣ እናንተስ?» ብለው ወዲያው ለወንድሜ ስለሚያቀብሉብኝ ነው ዛሬ ወረቀት ያነሣሁት። የወንድሜ ልጅ ታነብልዎታለች። የኔ ቆንጆ፣ ቀስ እያልሽ አንብቢላቸው። አያትሽ ጥድፊያ አይወዱም።

ዓይንዎ እንዴት ሆነ? ሞራው ይገፈፋል መባሉን ሰምቻለሁ። ቀኑ መቼ እንደሆነ ግን እስካሁን የነገረኝ የለም። ጠብታውን በሰዓቱ ያድርጉ። ስኳርዎን ሳይለኩ ምሳ አይቅረቡ። ሌሊት ሲነሡ ደግሞ መብራት ያብሩ፣ እዚያ ቤት ደረጃ አለ። ስለ እጅዎም ልጠይቅ ነበር። እሱን ወደ በኋላ።

የማድ ቤቱ ቆርቆሮ ተጠግኗል። የጓሮው ጌሾ ደህና ነው። ባለፈው 12 የሚካኤል ማኅበር ተራዎን እኔ አወጣሁልዎ። ጠላው ጥሩ ወጣ፤ ማኅበርተኞቹም መርቀውዎት ሄዱ። ትንሹ ልጄ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ወደ ፋሲል መዋኛ ይሮጣል። ከቀሃ ወንዝ የሚገባው ውኃ የት እንደደረሰ አይቶ መጥቶ ይነግረኛል። ትልቋ አንደኛ ወጣች። «ለአባባ ንገሪያቸው» ስላለችኝ ነው፤ ከነገርኩዎ እሷም ደስ ይላታል።

ትናንት ሁለቱንም ይዤ ገበያ ወጣሁ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት እኛ ቤት እንጀራ ነበር አይደል? ከገና እስከ ከተራ ሌሊቱን ሙሉ የስፌት መኪናዎ ሲንኳኳ እንተኛለን። የምንነቃው ድምፁ ሲቆም ነው። ያኔ እማዬ ነፍሷን ይማረውና፣ «ተነሡ፣ አባታችሁ ሊያሸልብ ነው» ብላ ጋቢውን ታነሣለች።

አራዳ እንደዚያው ነው አባባ። ጨርቅ ተራው፣ ቅመሙ፣ አህያው፣ ባጃጁ፣ ሁሉም ይጋፋል። እኔ ግን እዚያ ስገባ ደስ ይለኛል። ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ፣ ዋጋው ተለጥፎበት የሚጠብቅ ልብስ ልቤን አይወስደውም። ጨርቁን መንካት እፈልጋለሁ። እርስዎ እንዳስተማሩኝ በመዳፌ ጨምድጄ እይዘውና እለቀዋለሁ። የተጨማደደው ቶሎ ከተፈታ ልጅ ይችለዋል። ካልተፈታ ካውያ ሲበላ ይኖራል። ከዚያ ወደ ብርሃን አነሣዋለሁ። «ንጹህ ጥጥ ነው» ካሉኝ አንድ ክር አስመዝዤ ክብሪት እለኩስበታለሁ። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈጫል። ናይለን ከሆነ ቀልጦ እንደ ጨሌ ይደርቃል። ትናንት አንዱን ነጋዴ እንዲህ ሳደርግበት «የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ። ነገርኩት። ወዲያው ዋጋውን ቀነሰልኝ።

ለትንሹ ነጭ ሸሚዝ፣ አንገቱ ላይ ቀጭን ጥለት ያለው፣ ገዛሁለት። የሰፈራችን ጎረምሶች ዘንድሮም አንድ ዓይነት ጨርቅ አዋጥተው ገዝተው እያሰፉ ነው። እሱም ከእነሱ እኩል ካልሆንኩ ብሎ አለቀሰ። ከተራፊው አንድ ኪስ አሰፋሁለትና ዝም አለ። ለራሴ ከሸማኔው ነጠላ ወሰድኩ። ጥለቱ ጠባብ ነው፣ አረንጓዴ። ወርቃማው ያምራል ግን ሁለት ጊዜ ሲታጠብ ይከስማል፣ ዋጋውም እጥፍ ነው። አቡጀዲም ሦስት ሜትር ለገበር ገዛሁ። ቤት እንደገባሁ ነከርኩት። ሳይታጠብ የተቀደደ አቡጀዲ ከባለቤቱ ጋር እንደሚያጣላ አልረሳሁም።

በፒያሳ በኩል ስንመለስ አንዱ ሱቅ በር ላይ የአስቴር አወቀ ዘፈን ተከፍቶ ነበር። ቆምኩ። ልጆቹ እጄን ይጎትቱኛል፣ እኔ ቆሜያለሁ። እርስዎ እሷ ስትዘፍን «የኛው የጎንደር ልጅ» ይሉ ነበር፤ ልክ የአጎትዎ ልጅ እንደሆነች። ከመኪናው አጠገብ የነበረችውን ቴፕ ያስታውሷታል? ባትሪ እንዳይበላ ካሴቱን በእስክሪብቶ የማጠነጥነው እኔ ነበርኩ። እግርዎ ዘፈኑን ይከተል ነበር። ትዝታ ሲሆን መርገጫው ቀስ ይላል፣ ስፌቱም ረጅም መንገድ እንደሚሄድ ሰው ይረጋጋል። እስክስታ ሲመጣ መኪናው ይበራል። የተቸኮለ ደንበኛ ሲመጣ ካሴቱን ቀይሪ የሚሉኝ ለዚህ ነበር። እኔ ሙዚቃ የሚባል ነገር መስማት የጀመርኩት ከእግርዎ ሥር፣ የጨርቅ ቁራጭ ላይ ተቀምጬ ነው። ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ.ም. ያረፈ ሰሞን ፋሲካ ነበር። መኪናው ተሸፍኖ ነበር። እርስዎ በዓሉን ትተው ካሴቶቹን አንድ በአንድ አውጥተው በጨርቅ ሲጠርጉ አየሁዎ። ሲያለቅሱ ያየሁዎ ያኔ ብቻ ነው።

ትልቋ አሁን ሁሉንም በስልኳ ትሰማለች። የድሮዎቹንም እኔ ሳልነግራት ራሷ ፈልጋ አገኘቻቸው። ማሲንቆ ሲጀምር ድምፁን ከፍ ታደርጋለች። እርስዎን ወጥታለች።

አሁን የምነግርዎ ፊትዎን ያጠቁረው ይሆናል። ለትልቋ ጃኬት የገዛሁላት ከሰልባጅ ነው። ጂንስ ነው። ሰፍቷት ስለነበር በረንዳው ላይ አስጠበብኩላት። አዎ፣ የእርስዎ በረንዳ። ተለማማጅዎ የነበረው ልጅ አሁን ሦስት መኪና አለው። ከጠዋት እስከ ማታ የሚሠራው ምን መሰልዎ? ሰልባጅ ማጥበብ፣ ሰልባጅ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር። አዲስ ልብስ ቀዶ የሚያሰፋ በዓል ሲደርስ ካልሆነ ብዙም የለም። ያንን ሁሉ ዓመት «ይሄ ሰልባጅ ጉሮሯችንን ዘጋው» ይሉ ነበር። እውነትዎን ነበር። ዛሬ ደግሞ የበረንዳው ሰፊዎች ጉሮሮ የሚርሰው በእሱ ነው። የደመወዝተኛ ልጅም ክረምቱን የሚሻገረው በእሱ ነው። እኔ ልጆቼን አሳምሬ ነው የማለብሳቸው፣ በትንሽ ብር። በዚህ አላፍርም።

ከጀመርኩት ልጨርሰው። 1991 ዓ.ም. ነበር፣ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ቁልፍ ስተክል ከሚሰጡኝ ሳንቲም አጠራቅሜ ከአራዳ ጂንስ ጃኬት ገዛሁ። 35 ብር ነበር። ስንት ቁልፍ እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል። አንድ ቀን ብቻ ለበስኩት። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ በመቀስ የተቆረጠ። «የሞተ ሰው ልብስ ቤቴ አይገባም» አሉኝ። አልጮሁብኝም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቁራጩን ገጣጥመው የመቀመጫዎ ትራስ አደረጉት። ስንት ዓመት ተቀመጡበት አባባ? እኔ አጠገብዎ ሆኜ ቁልፍ ስተክል፣ ያ የደረት ኪሱ ከነአዝራሩ ዓይኔ ሥር ነበር።

ያ ዓመት ደንበኛ የጠፋበት ዓመት እንደነበር አሁን ይገባኛል። የቀረልዎት የተማሪ ካኪ ብቻ ነበር። የገዛ ልጅዎ ሰልባጅ ለብሳ በአራዳ መሐል ስታልፍ፣ ሌሎቹ ሰፊዎች ያዩ ነበር። ይገባኛል። ቢሆንም ዛሬም ያመኛል። ወላጅ ሆኜ አየሁት፣ አሁንም ያመኛል። ሃያ ምናምን ዓመት በልቤ ይዤው ስለኖርኩ፣ ሳልነግርዎ ዓይንዎ ቢጋረድ ወይም ሌላ ነገር ቢመጣ… ይህን መስመር ዝለይው የኔ ቆንጆ። አይ፣ አንብቢላቸው።

ስለ ሲንጀሯ ነው እንግዲህ። ወንድሜ «ቤት ውስጥ ቆማ ዝገት ከሚበላት ትሸጥ፣ ለሕክምናው ትሆናለች» ብሎኛል። እርስዎን ጠይቄ እንድነግረውም የላከው እኔን ነው። አንድ ሰው መጥቶ አይቷት ነበር። ተሽከርካሪውን በእጁ አዞረና «አሮጌ ናት» አለ። ክዳኗን ዘጋሁበት። ለሕክምናው እኔ ደመወዜ ላይ እበደራለሁ፤ ለወንድሜም ይህንኑ ነግሬዋለሁ። በየሳምንቱ ዘይት አደርግላታለሁ። ያ ትራስ አሁንም እዚያው አለ። ትናንት ማታ እሱ ላይ ነው የተቀመጥኩት።

የተቀመጥኩት ለምን መሰልዎ? ከመሄድዎ በፊት ለትልቋ የሰፉላትን ነጭ ጥልፍ ቀሚስ ከሳጥን አወጣሁት። ጥልፉ ደረቱ ላይ እንዴት እንደሚያምር! ልጅቱ ለከተራ ሌላ አልለብስም ብላለች። ጃኬቱንም የወሰደችው ማታ ሲበርዳት ከላይ ልትደርበው ነው። ጎረቤት ሁሉ «ይህን የሰፋ እጅ ይባረክ» ብሏል።

የግራው እጅጌ ሁለት ጣት ይረዝማል አባባ።

መጀመሪያ ያየሁት በመስከረም ነው፣ እርስዎ በሄዱ በሳምንቱ። ልጅቱ ስትለካው እጅጌውን አጥፋ «ልክ ነው» አለችኝ፤ እሷም አይታለች ማለት ነው። መልሼ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ለወንድሜ አልነገርኩም። በረንዳ ወስጄም ለተለማማጅዎ አላሳየሁትም፤ የእርስዎን ስፌት እሱ ሲፈታው ማየት አልፈልግም። እርስዎ እኮ አንዱን እጅጌ ከሌላው አነባብረው በአንድ መቀስ ነው የሚቀዱት። ስለዚህ ቅዱ አይደለም ብዬ አሰብኩ። በዓይንዎ ነው ወይስ በእጅዎ? በሐምሌ ቡና ሲይዙ ሲኒው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ዞር ብለው በሌላው እጅዎ ያዙት፣ እኔም ያላየሁ መሰልኩ። ለሐኪሙ የዓይንዎን ብቻ ነው የነገሩት? እባክዎን የእጅዎንም ይንገሩት። ካልነገሩት እኔ ደውዬ ለወንድሜ እነግረዋለሁ፤ በዚህ ቢቆጡኝም ይሁን።

ሲመለሱ በአውሮፕላን ይምጡ፣ መንገዱን በመኪና እንዳያስቡት። አዘዞ መጥቼ እቀበልዎታለሁ።

ትናንት ማታ መቀሷን ይዤ ብዙ ሰዓት ተቀመጥኩ። ቴፗ ስለማትሠራ ልጅቱ በስልኳ ያንን የሚወዱትን ዘፈን ከፈተችልኝ። አንድም ክር አልፈታሁም። ቁልፍ መትከልና መዘምዘም ነው ያስተማሩኝ፤ እጅጌ አላስተማሩኝም። ከትከሻው ፈትቼ እንደገና ልግጠመው ወይስ ከጫፉ አጥፌ ልዘምዝመው? ከጫፉ ካጠፍኩት የእጅጌው ጥልፍ ከቀኙ ጋር አይገጥምም። ከትከሻው ከፈታሁት ደግሞ ያቺን የእርስዎን ጥቃቅን ስፌት ማበላሸቴ ነው።

ለከተራ ስድስት ቀን ቀርቷል። ስልኩን ለወንድሜ ሳይሰጡ ራስዎ ይደውሉልኝና ይንገሩኝ።

ልጅዎ
ከጎንደር