አባዬ፣ መርኩሪው አረንጓዴ ነው

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

በስልክ ብነግርህ ይቀለኝ ነበር። ግን ስልክ ላይ አንተ "ደህና ነኝ፣ እናንተስ?" ትላለህ፣ እኔ "ደህና" እላለሁ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይገላግለናል። ስለዚህ ጻፍኩት። የዓይንህ ሞራ እስኪነሳ ታናሼ ያነብልሃል። አንተ ልጅ፣ እየዘለልክ እንዳታነብለት። እስከ መጨረሻው ነው።

ትልቁ የልጅ ልጅህ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ እየተለማመደ ነው። ቁመቱ በልጦኛል። ሲነዳ ቁርጥ አንተን ነው፣ ከፊቱ ያለውን ሁሉ ይሳደባል። ልዩነቱ በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። የትንሿ የፊት ጥርሶች ወልቀዋል፣ ስትስቅ እሷም አንተን ትመስላለች። ሒሳብ ላይ ጎበዝ ናት። ዋናም ጀምራለች። ምን ልበልህ፣ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ወሬው። አባዬ፣ መርኩሪው አረንጓዴ ነው።

የትኛው መርኩሪ መኪና እንዳትለኝ። ጋራዡ ግድግዳ ላይ፣ ከገብርኤል ሥዕል በታች የተለጠፈው ነዋ። አስመራ ጣሊያኑ ጋ ሙያ ስትለምድ፣ አንድ የቃኘው ጦር ሰፈር አሜሪካዊ መኪናው ውስጥ ጥሎት ከሄደው መጽሔት የገነጠልከው ገጽ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። አንተ ግን "የወይን ጠጅ ቀለም ነው" ብለህ ከስንቱ ደንበኛ ጋር ተከራከርክ። "ቀለም ቀቢ ከጥላው ያውቃል" ትል ነበር። እኔም አምኜህ አሜሪካ ድረስ መጣሁ። ላዩ እነሱ የባሕር አረፋ የሚሉት ፈዛዛ አረንጓዴ ነው፣ ታቹ ጠቆር ያለ አረንጓዴ። የቀለም ፎቶውን ሳይ ብቻዬን ሳቅኩ።

እንዴት እንዳገኘሁት ልንገርህ። የማታ ሥራዬን ታውቃለህ፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሰው አባት ሳገላብጥ ነው የማድረው። ከእነሱ አንዱ በፋሲካ ሰሞን አረፈ። በወጣትነቱ መኪና እየቆረጠ የሚቀጥል ሰው ነበር። እጁን ሳጥበው የብየዳ ጠባሳ አይበት ነበር። ልጆቹ ጥቁር ፌስታል ይዘው መጡና ክፍሉን በአንድ ሰዓት ባዶ አደረጉት። አልጋው ሥር አንድ ካርቶን ሙሉ አሮጌ መጽሔት ነበር። ሴቷ ልጁ ቀና ብላ ሳታየኝ "ጣይው" አለችኝ።

አልጣልኩትም።

"ሆት ሮድ" የሚባለው አለበት። ሮበርት ፒተርሰን የሚባል ሰው ከጓደኛው ጋር እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1948 እዚሁ ሎስ አንጀለስ የጀመረው ነው። ዋጋው 25 ሳንቲም ነበር። አሁን በፒተርሰን ስም የመኪና ሙዚየም አለ፣ ዊልሸርና ፌርፋክስ የሚገናኙበት ላይ። ሕንፃው ቀይ ነው፣ ዙሪያውን የብረት ሪባን ተጠምጥሞበታል። ብታየው ሰካራም ባትላሜራ የሠራው ትላለህ። እንጀራ የምገዛበት የእኛ ሰፈር፣ ሊትል ኢትዮጵያ፣ እዚያው ፌርፋክስ ላይ ወረድ ብሎ ነው። ስንት ዓመት በሙዚየሙ በር አልፌ ጤፍ ስሸከም ኖርኩ፣ አንድ ቀን ዞር ብዬ ሳላይ።

የወደድኩት ግን ኪስ የሚገቡትን ትንንሾቹን ነው። "ሮድ ኤንድ ከስተም" ይባላሉ። የ1953ቱ ውስጥ ያንተ መርኩሪ ተቀምጦልኝ አገኘሁት። ባለቤቱ ቦብ ሂሮሃታ የሚባል ዘሩ ጃፓናዊ የሆነ አሜሪካዊ ነው። መኪናው የ1951 ነው፣ በ1952 ወደ ባሪስ ወንድማማቾች ጋራዥ ወሰደው። ጆርጅ ባሪስ ስሙ የሚጠራው ነው፣ ሳም ባሪስ ደግሞ መዶሻ የሚይዘው። ሁሌም እንዲህ አይደል? ጣሪያውን ከፊት 4፣ ከኋላ 7 ኢንች ቆርጠው ዝቅ አደረጉት። በበሮቹ መሃል ያለውን ቋሚ አወጡት። የጎኑ የሚያብረቀርቅ ጌጥ ከቢዩክ የመጣ ነው። በዚያ ዘመን ስንጥቅ የሚሞላው በስቱኮ ሳይሆን እርሳስ በሚባለው ብረት ነበር፣ በእሳት እያለሰለሱ በእንጨት እየዳጡ። "ስቱኮ የሰነፍ ኩል ነው" ስትል ትዝ አልከኝ። በ1959 አንድ ጎረምሳ በ500 ዶላር ገዛው፣ እስኪሞትም አልለቀቀውም። እሱ ካለፈ በኋላ በ2022 በጨረታ ወደ ሁለት ሚሊዮን ዶላር አወጣ። አሁን "አብደዋል" ትላለህ።

እኔ ደግሞ እየሠራሁት ነው። አትሳቅ። የፕላስቲክ ሞዴል ነው፣ ከእውነተኛው ሃያ አምስት እጥፍ ያነሰ። ልጆቹ ሲተኙ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ በምላጭና በብርጭቆ ወረቀት እሠራለሁ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው የ1949 መርኩሪ ነው፣ ኋላው ይለያል፣ እየቆረጥኩ እያመጣሁት ነው። የሚገርምህ ልኩ ነው። አንድ ኢንች 25 ሚሊ ከምናምን አይደል? ለሃያ አምስት ሲካፈል ኢንቹ ሚሊ ይሆናል። ከፊት 4 ሚሊ፣ ከኋላ 7 ሚሊ። እነ ባሪስ የለኩትን ቁጥር እንዳለ እኔም በማስመሪያ እለካለሁ።

ለቀለም መጽሔቶቹ አይረዱም፣ ውስጣቸው በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነው። ለቅርጽ ግን እንደ እነሱ የለም። ያላለቀ ሥራ ያሳያሉ። ጣሪያው ተቆርጦ ለብቻው፣ ብየዳው ገና ሳይሞረድ፣ ላሜራው እንደ ቁስል ተከፍቶ። የዛሬ ፎቶ ያለቀውንና የተወለወለውን ብቻ ነው የሚያሳይህ። ከዚያ ምን ትማራለህ?

የጣሪያውን የፊት ቋሚዎች ቀጥዬ፣ ሞርጄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ በመዳፌ ዳበስኩት። "ላሜራ በዓይን አይታይም" ትል የለ? ያኔ ሌላ ነገር መጣብኝ። ልጽፈው አላሰብኩም ነበር።

ስምንተኛ ክፍል የጨረስኩበት ክረምት ነው። የዚያ ነጭናጫ ባለታክሲ ሰይቼንቶ በሩ ተጨራምቶ መጣ። አንተ ዕቃ ልትገዛ ሶማሌ ተራ ሄድክ። ስትመለስ ዓይንህን ጨፍነህ በሩን ዳበስከው። ደግመህ ዳበስከው። "ማነው የመታው?" አልክ። ረዳትህ "እኔ" አለ። "ይሄ እጅ ይወጣለታል" ብለህ ሻይ ጋበዝከው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረህ "አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ጋራዥ የሴት ልጅ ቦታ ነው? ወደ እናትሽ ሂጂ" አልከኝ። እጄን እንኳ አላየኸውም፣ በዝገት ጠቁሮ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ጋራዡን አልረገጥኩም። አንተም ለምን ብለህ አልጠየቅክም።

በሩን የመታሁት እኔ ነኝ አባዬ።

ለምን ያኔ አልተናገርሽም ትለኝ ይሆናል። አባቴ በመዳፉ ያውቃል ብዬ ነዋ የጠበቅኩት። አስተምረኸኛል፣ ለጉዞዬ ብለህ ላንድሮቨርህን ሸጠሃል፣ አልረሳሁም፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። በሩ ግን በሩ ነው።

ሞዴሉን ቀለም ስረጭ መስኮት ከፍቼ፣ ማስክ አድርጌ ነው። ይሄን ለምን እንደጻፍኩ ይገባሃል። ስንት ዓመት ሙሉ አፍህን በመሀረብ አስረህ ቀባህ? ማታ ማታ እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ወተት ታቀርብልህ ነበር፣ ቀለሙን ያጥበዋል ተብሎ። ወተት ሳንባ አይገባም አባዬ። ታናሼ ስለ ራጁ ነግሮኛል። አትቆጣው፣ አስጨንቄው ነው። ጉንፋን ነው የምትለውን ለጎረቤት በል። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ሳል ስሰማ ነው የማድረው፣ ያንተን በስልክም ለየሁት። የተባለው ጥላ ምንም ላይሆን ይችላል። የድሮ ጠባሳም ሊሆን ይችላል። እኔ የምለው ይታይ ነው።

በዓመት ፈቃዴ ለገና ልመጣ ነበር ያሰብኩት። አሁን ቀደም ላደርገው ነው። ለምን እንዳትለኝ፣ ቲኬቱ ስለረከሰ ነው።

አንድ ነገር አስቸግሮኛል። ቋሚዎቹ ወደ ላይ ሲሄዱ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ። ስለዚህ ጣሪያው ዝቅ ሲል የኋላው ቁራጭ ከታችኛው ጋር አይገጥምም፣ ጠቦ ይቀራል። ጣሪያውን መሃል ለመሃል ሰንጥቄ ላስፋው ወይስ ቋሚዎቹን ላስተኛቸው? አንተ የዚያን ፔጆ ጣሪያ ስታወርድ እንዴት እንዳደረግከው አላየሁም፣ ወደ እናቴ ተልኬ ነበር። ለታናሼ ንገረውና ይጻፍልኝ። እጅህ ካልተንቀጠቀጠ ደግሞ በእርሳስ ሣልልኝ፣ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል።

ቀለሙንም ገና አልቀባሁትም። ፈዛዛውንም ጠቆር ያለውንም አረንጓዴ ገዝቻለሁ። ትናንት ደግሞ የወይን ጠጅ ቀለም ገዛሁ። የቱን ላድርገው?

ሲቲ ስካኑ ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ገንዘቡ ደርሷል። ሳትበላ ና ብለዋል፣ ስለዚህ ሰኞ ማታ በደንብ ብላ። ታናሼ በመኪና ይወስድሃል፣ በታክሲ ልሂድ እንዳትል። ጠዋት ይበርዳል፣ ያን ቡናማ ካፖርት ልበስ።

ልጅህ