መጥሪያ ደርሶሻል አሉኝ

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሙቀቱ ነው እንጂ። ሰሞኑንማ ከዚራ ዛፍ ሥር እንኳ መቀመጥ አልተቻለም። አንቺ ሐረር ነፋሻ ቦታ ተቀምጠሽ ትስቂብን ይሆናል።

በመኪናሽ ባጃጅ ተገጨ ተብሎ የፍርድ ቤት መጥሪያ እንደደረሰሽ የሰማሁት ከታናሽሽ ነው። ለምን ከአንቺ እንዳልሰማሁ ስንገናኝ እንነጋገራለን። ይባስ ብሎ «ቀድጄ ልጥለው ነበር» ብለሻል አሉ። እንዳትቀጂው! ዝምም እንዳትይ።

ክሱ የአንቺ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ባጃጁን የገጨው መኪና ሰሌዳው ኮድ 3 ኦሮ ነው ብሎ ትራፊኩ ጽፏል። ያንቺዋ ቪትዝ ኮድ 2 አአ ናት። የገጠመው ቁጥሩ ብቻ ነው። አንድ ቁጥር በየኮዱና በየክልሉ እንደሚደገም ማንም ያውቃል፤ አቤቱታውን የጻፈው ሰው ግን ቁጥሩን ብቻ ገልብጦ ሌላውን ዘለለው። ሲያጣሩ ያንቺ ስም ወጣ። ቀኑም ቢሆን አይገጥምም። በዚያ ሳምንት መኪናሽ እዚህ ግቢያችን ውስጥ ሞተሯ ወርዶ ቆማ ነበር። የመካኒኩ ደረሰኝ እኔ ጋ አለ።

እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። «እኔ አልነዳሁም፣ ምን አገባኝ» ብለሻል። ልጄ፣ ይሄን መልስ አድርገሽ እንዳትጽፊ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 ማን ነዳው ብሎ አይጠይቅም። ባለቤቱ ማን ነው ነው የሚለው። ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶት ጉዳት ቢያደርስ እንኳ ባለቤቱ ይከፍላል፤ መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆ እንደነበር ካላስረዳ በቀር። ስለዚህ ያንቺ መልስ «አልነዳሁም» ሳይሆን «አደጋውን ያደረሰው መኪና የእኔ አይደለም» ነው። ሰሌዳውን፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የጠየቁሽን ገንዘብ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ካጂ። በግልጽ ያልካድሽው ነገር እንዳመንሽው ይቆጠራል። ዝም አትበይ የምልሽ ለዚህ ነው።

ታናሽሽ ደግሞ ይርጋ ምናምን፣ የመክሰሻው ጊዜ አልፏል ሲል ነበር። ገና 2 ዓመት አልሞላውም። እሱን እርሺው።

የአጎትሽን ፊያት ታውቂያታለሽ፣ ፎቶዋ ሳሎን አለ። እንዴት እንደሄደች ግን በደንብ የነገረሽ ያለ አይመስለኝም፤ እናትሽ እንዲነሳ አትወድም። በጅቡቲ መንገድ ብዙ ዘመን ተመላልሶባታል። አንድ ቀን «ኤረር አካባቢ ግመሎች ገጭተሃል» የሚል መጥሪያ መጣበት። እሱ በዚያ ሰሞን ጭነት ይዞ ደወሌ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ ነበር። ሳቀ። ፈርሞ ተቀበለ፣ ኪሱ ከተተው፣ «እግዜር ያውቃል፣ እኔ ምን አስጨነቀኝ» አለ። እውነቱን ነው፣ እግዜርማ ያውቃል። ዳኛው ግን ከየት ይወቅ? የነገረው የለም። በሌለበት ተፈረደበት።

እርግጥ በሌለበት የተፈረደበት ሰው ፍርዱን ባወቀ በ1 ወር ውስጥ ይነሳልኝ ብሎ ማመልከት ይችላል። ግን ያልቀረበበትን በቂ ምክንያት ያምጣ ይባላል። አጎትሽ መጥሪያውን በፊርማው ተቀብሏል፤ ምን ብሎ ይናገር? ስቄ ነበር ይበል? ፊያቷ በሐራጅ ተሸጠች። የገዛት ሰውዬ ደግሞ እዚሁ ድሬ የሚኖር ሆነና አረፈው። አጎትሽ መጋላ ተቀምጦ ጥሩምባዋን ከሩቅ ይለያት ነበር። ጨዋታው መሀል ቁርጥ ይልና ጫቱን አስቀምጦ አንገቱን ይደፋል። አቦ፣ ያን ተጫዋች ሰው ያን ጊዜ ብታዪው! እኔ ከምድር ባቡር ብድር ወስጄ መልሼ ልገዛለት አስቤ ነበር፤ ደመወዜ ለዚያ አልበቃም። ዛሬም ይቆጨኛል። ሲሞት እንኳ ለቀስተኛው ስለዚያች መኪና ነበር የሚያወራው።

ምን ልልሽ ነበር? አዎ። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሂጂ። መጥሪያው ላይ ሁለት ቀን አለ፤ መልስ የሚገባበትና ክሱ የሚሰማበት። እንዳይምታታብሽ። የመጀመሪያው ካለፈ አለፈ ነው። የትራፊኩን ሪፖርትና የአደጋውን ፕላን ኮፒ ጠይቂ። መድን ድርጅቱንም በጽሑፍ አሳውቂ፤ በስልክ አይበቃም። ደብዳቤሽን የተቀበሉበትን ቀን ቅጂው ላይ ጽፈው ማኅተም ያድርጉበት። የ3ኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፤ በየዓመቱ የምትከፍይው ለጌጥ አይደለም። ጠበቃ ውድ ነው ካልሽ እኔ አለሁ። ብቻ ዝም አትበይ።

ባለባጃጁ ላይ እንዳትጮሂ። እግሩ ተሰብሯል አሉ፤ የገጨውን ቢፈልግ አይፈረድበትም። ግን አንጀትሽ እንደማይችል ስለማውቅ፣ «ለሕክምና» ብለሽ ገንዘብ እንዳትሰጪው። በሽማግሌ በኩልም ቢሆን። ነገ «ጥፋቷን አምና ነው የከፈለችው» ይሉሻል። ማዘንሽ ካልቀረ መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ጠይቂው። የሰሌዳውን ስሕተት ቶሎ ብታሳዪ እንዲያውም ለእሱ ነው የሚበጀው። ትክክለኛውን ባለቤት የሚከስበት 2 ዓመት እየሄደበት ነው።

ተቆጣሁ መሰለኝ። ምሳ እየበላሽ ነው? ድምፅሽ ደክሟል ብላለች እናትሽ። ያን የምትወጂውን ጣፋጭ፣ ሙሸበክ ጠቅልላልሻለች፤ ለመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ አትበትኚው።

የሊብሬው ኮፒና የመካኒኩ ደረሰኝ ሐሙስ በታናሽሽ እጅ ይደርስሻል። ዋናውን ሊብሬ አስቀርቻለሁ፤ ለማመሳከር ከተጠየቅሽ እኔው ይዤው እወጣለሁ። ቅዳሜ ስትመጪ መኪናዋን አታምጫት። ፍሬኗ ሳይታይ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ አላምናትም፣ በሚኒባስ ነይ።

መልሱን ካስገባሽ በኋላ ደውዪ። ካላስገባሽ አትደውዪልኝ። ኧረ ተይ፣ ለማንኛውም ደውዪ።

አባትሽ
ከድሬዳዋ