ነዋሪው ረቂቁ ሳይሠራ ይጠራ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ከተማ ስትራቴጂክ ዕቅድ በተዘገበ ቁጥር «ሕዝቡ ተወያይቶበታል» መባሉ አይቀርም። እኛን የሚያሳስበን ውይይቱ መቼ እንደተደረገ ነው። ብዙውን ጊዜ ነዋሪው የሚጠራው መንገዱ ተሰምሮ፣ የመሬት አጠቃቀሙ ተወስኖ፣ ዕቅዱን የሚያዘጋጀው አማካሪ ድርጅት ውል ወደ ማብቂያው ሲደርስ ነው። ያን ጊዜ አንድ ሰው ተነሥቶ ግቡን ራሱን ቢቃወም ለማስተካከል ጊዜም ገንዘብም አይተርፍም። የሕዝብ ተሳትፎን ያጠናችው አሜሪካዊቷ ሼሪ አርንስቲን በ1969 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ባወጣችው ስምንት እርከን ያለው የተሳትፎ መሰላል ላይ ማሳወቅ፣ ማማከርና ማባበል የይስሙላ ተሳትፎ ተብለው ተመድበዋል። አብዛኞቹ መድረኮች ከዚያ በላይ አይወጡም።

ነዋሪው መግባት ያለበት ችግሩ ሲለይና መለኪያው ሲመረጥ ነው። «የነዋሪው ኑሮ ይሻሻላል» የሚል ግብ ማንንም ተጠያቂ አያደርግም። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር የሚሆን አረንጓዴ ቦታ ከመኖሪያ ቤት በ300 ሜትር ርቀት ውስጥ እንዲገኝ ይመክራል። ይህ የሚለካ ነገር ነው። ነገር ግን በካርታ ላይ በቀጥታ መስመር የተለካ 300 ሜትር፣ መሐሉን መሻገሪያ የሌለው ፈጣን መንገድ ከቆረጠው በእግር ከኪሎ ሜትር በላይ ሊሆን ይችላል፤ የመናፈሻው በር የሚከፈተው በአንድ በኩል ብቻ ከሆነም እንዲሁ። ይህን የሚያውቀው በየቀኑ የሚመላለስበት ሰው ነው።

የካርታው ልኬት (ስኬል) ራሱ ሰውን ዝም ያሰኛል። በ1፡10,000 በተሠራ፣ ማለትም አንድ ሴንቲ ሜትር መቶ ሜትርን በሚወክልበት ካርታ ላይ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው የእግረኛ መንገድ 0.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከእርሳስ መስመር አይለይም። በ1፡500 ግን 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ነዋሪው ጣቱን አሳርፎ «ደረጃው እዚህ ጋ ነው፣ ዊልቸር አያልፍም፣ ማታ መብራት የለም» ማለት ይችላል። ስለዚህ ለውይይት የሰፈሩ ካርታ በትልቁ ይታተም። ከስብሰባው በፊትም አረጋውያን፣ ሕፃን የያዙ ወላጆችና አካል ጉዳተኞች ያሉበት ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሰው የሚሆን ቡድን ከመኖሪያ እስከ ጤና ጣቢያ ወይም ፌርማታ ድረስ ይሂድ፤ አንድ ጊዜ በቀን፣ አንድ ጊዜ ከጨለመ በኋላ። የሁለቱ ጉዞ ማስታወሻ ብዙውን ጊዜ በጣም ይለያያል።

በሥራ ሰዓት የሚጠራ ስብሰባ የሚሰበስበው ሁልጊዜ የሚመጡትን ነው። ተከራዩ፣ የቀን ሠራተኛው፣ የመንገድ ላይ ነጋዴው ይቀራሉ። መፍትሔው ለብዙ አባወራዎችና እማወራዎች ጥሪ ልኮ፣ ፈቃደኛ ከሆኑት መካከል በጾታ፣ በዕድሜና በቤት ይዞታ (ባለቤት ወይም ተከራይ በመሆን) ተመጣጣኝ አድርጎ በዕጣ መምረጥ ነው። የአውስትራሊያዋ ሜልቦርን ከተማ በ2014 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የአሥር ዓመት የፋይናንስ ዕቅዷን ለማዘጋጀት በዚህ መንገድ 43 ሰዎች መርጣ ነበር። ለተመረጡት የውሎ አበልና የልጅ መጠበቂያ ካልተዘጋጀ ግን ዕጣው ከንቱ ነው፤ ድሆቹ ቀድመው ይወጣሉ።

ውይይቱ ከበጀት ጋር ካልተያያዘም ሰው ሁለተኛ አይመጣም። የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ ከ1989 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነዋሪዎች የኢንቨስትመንት በጀቱን በቅደም ተከተል እንዲመድቡ አድርጋለች፤ ክፍፍሉም የአካባቢውን የሕዝብ ብዛት፣ የአገልግሎት ጉድለትና ነዋሪው የሰጠውን ቅድሚያ በነጥብ ያሰላ ነበር። ጉድለቱ በነጥብ መግባቱ ትልቅ ነገር ነው፤ አለበለዚያ ድምፁ ከፍ ያለው ሰፈር ሁሉንም ይወስዳል። ገንዘቡ ሲሳሳና የአስተዳደሩ ፍላጎት ሲቀዘቅዝ ግን አሠራሩም አብሮ ተዳክሟል።

ከሁሉም በላይ የሚጎድለው የምላሽ ሰንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ አስተያየት ተመዝግቦ ተቀባይነት አግኝቷል፣ በከፊል አግኝቷል ወይም አላገኘም ተብሎ ከነምክንያቱ ዕቅዱ ከመጽደቁ ቢያንስ ሠላሳ ቀን በፊት ይለጠፍ። ይህ ሥራ በአማካሪው ውል ውስጥ ራሱን የቻለ ተግባር ሆኖ ይግባ፤ ሰንጠረዡ ሳይቀርብም የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የከተማ ፕላን ባለሙያዎች