ለጓደኛዎ ይንገሩልኝ

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እማዬስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

የቤት አከራዬ የሆኑት ጓደኛዎ «ልጅህ ኪራይ ሊቆርጥብኝ ነው» ብለው ቅር እንደተሰኙ ሰማሁ። በስልክ ለማስረዳት ስለሚያስቸግር ነው የምጽፍልዎ።

እሳቸው ቶሮንቶን ለቀው ጠቅልለው አዲስ አበባ ከገቡ ወዲህ፣ እዚህ የሚታዩት ከአገር ውጭ እንደሚኖር አከራይ ነው። የካናዳ ሕግ ለእንዲህ ያለ አከራይ ኪራይ የሚከፍል ሰው ከጠቅላላው ኪራይ 25 በመቶ ለአከራዩ ግብር ቀንሶ፣ በተከታዩ ወር እስከ 15ኛው ቀን ለገቢዎች ኤጀንሲ እንዲያስገባ ያዛል። ድርጅት ብቻ አይልም፤ እኔንም ይጨምራል። ባልቀንስ ዕዳው ከነወለዱ እኔም ላይ ሊመጣ ይችላል። ገንዘቡን እዚሁ ባላቸው የባንክ ሂሳብ ማስገባቴም አያድነኝም፤ የሚታየው እሳቸው የሚኖሩበት አገር ነው።

እንግዳ ነገር እንደሚሆንብዎ አውቃለሁ። እኛ አገር ዊዝሆልዲንግ የሚቆርጠው መሥሪያ ቤትና ድርጅት ነው። የእርስዎ ሰርቪስ ቤት ተከራይ «ይህ የመንግሥት ነው» ብሎ ከኪራዩ ቢቀንስ፣ በማግስቱ ዕቃው ደጅ ይወጣ ነበር!

እኔም ማን ይጠይቀኛል ብዬ በተውኩት ደስ ባለኝ። ነገር ግን በፈረንጆቹ 2023 የታክስ ፍርድ ቤት ሞንትሪያል ባለ አንድ ተከራይ ላይ ፈረደ። ተከራዩ አነስተኛ ኩባንያ ነው፣ አከራዩ ጣሊያን የሚኖር ሰው። ከ2011 እስከ 2016 ከኪራዩ ሳይቀነስ የቀረውን ግብር ተከራዩ ይክፈል ተባለ። ወሬው በ2024 ሲሰፋ ተከራይ ሁሉ ተንጫጫ፤ መንግሥትም ከግለሰብ ተከራዮች ላይ የመሰብሰብ ሐሳብ የለኝም አለ። ደግ ብሏል። ሕጉን ግን መግለጫ አይሽረውም፤ ሹም ሲለወጥ ቃሉም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ኪራዬ 1,600 ዶላር ነው፤ ከዚህ ላይ 400 ብቆርጥ እንደሚከፋቸው ይገባኛል። ገንዘቡ ግን ቀልጦ አይቀርም። በዓመቱ መጨረሻ የግብር ማስታወቂያ አስገብተው የባንክ ወለዱን፣ የጥገናውን ወጪና የማዘጋጃ ቤቱን ግብር ካስቀነሱ፣ ትርፍ የተከፈለው ይመለስላቸዋል። ከዚህም የሚቀለው እዚህ የሚኖር ወኪል መያዝ ነው። ከወኪሉ ጋር ሆነው ኤንአር 6 የሚባለውን ቅጽ ሞልተው ከተፈቀደላቸው፣ 25 በመቶው የሚታሰበው ወጪ ተነስቶ በሚተርፈው ላይ ብቻ ነው። እኔም ኪራዩን ሙሉውን ለወኪሉ እሰጣለሁ፤ መቁረጡና ማስገባቱ የእሱ ሥራ ይሆናል።

ታዲያ «አንተው ወኪል ሁነኝ» እንዳይሉኝ እፈራለሁ። እሳቸው ማስታወቂያውን በወቅቱ ካላስገቡ ግብሩ ከጠቅላላው ኪራይ ላይ ተሰልቶ ወኪሉ ይጠየቃል፤ በሰው ቤት ሂሳብ ውስጥ እንዲህ መግባት አልችልም። የእህታቸው ልጅ እዚህ ቶሮንቶ አጠገብ ሚሲሳጋ አለች አይደል? የሒሳብ ሥራም ታውቃለች። እሷ ብትይዝላቸው ይሻላል።

እኔ ለታላቅ ሰው ይህን በቴክስት መላክ ከበደኝ። እርስዎ አጠገባቸው ሆነው ቢነግሯቸው ከእኔ ይልቅ ይሰሙዎታል። የሚቀጥለው ወር ኪራይ ሳይደርስ መልሳቸውን ይላኩልኝ፤ እስከዚያ የያዝነው ወር ላይ የምቀንሰውን ደረሰኝ ፎቶ አንስቼ እልክላቸዋለሁ።

ለእማዬና ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ልጅዎ
ከቶሮንቶ