ከሒሳብ ሸሽቶ ፋይናንስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የምሠራው ባንክ ነው። የሰፈራችን ተማሪዎች «ፋይናንስ መማር እፈልጋለሁ» እያሉ ይመጡልኛል። ደስ ይለኛል። ግን ብዙዎቹ ማኅበራዊ ሳይንስ የመረጡት ከሒሳብ ለማምለጥ ነው። ይሄ በጣም ያሳስበኛል። እዚያም ቢሆን የ12ኛ ክፍል ፈተና ሒሳብ አለው። ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ደግሞ ስታቲስቲክሱና የወለድ ስሌቱ ይጠብቃቸዋል።

በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚያ ላይ የራሱን መግቢያ ፈተና ይሰጣል። የሒሳብ ዝግጅት በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ሩጫ የሚገፋ ነገር አይደለም። ከ9ኛ ክፍል መጀመር አለበት።

እኔ ከልጆቹ ጋር የማደርገው ቀላል ነው። ባንኮች በጋዜጣ የሚያወጡትን ዓመታዊ የሒሳብ መግለጫ ዘርግተን እንቀመጣለን። ትርፉ ካምናው በስንት በመቶ አደገ? ተቀማጩስ? እስክሪብቶ ይዘው ያሰላሉ። «ሒሳብ አልወድም» ስትል የነበረች ልጅ ዛሬ ሌሎቹን ታስረዳለች።

እባካችሁ፣ እናንተም በየሳምንቱ እንዲህ ያለ አንድ መልመጃ አውጡልን። አስጠኚ መቅጠር ለማይችሉ ልጆች ትልቅ ነገር ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ