የቤቱ ካርታ ስም እንዳይዛወር

ጥቅምት 2018 ዓ.ም.
ሜሪላንድ፣ አሜሪካ

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፤

እርስዎና እናቴ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። የስልኩ ነገር እንደምታውቁት ስለ ሆነ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚመጣ ሰው ሳገኝ በጽሑፍ መላኩን መረጥሁ። ዓይንዎ ካስቸገረዎ ወንድሜ ጋሼ ያንብብልዎ፤ ለጎረቤት ግን እንዳይሰጥብኝ።

ከሰኔ ወዲህ ገንዘብ አልላክሁም። ጋሼ «ረሳኸን ወይ?» ሲለኝ «ሥራ ቀዝቅዟል» ብዬ ዘጋሁበት፤ ሐሰት ነበር። ሥራው እንዳለ አለ፤ መሥራት ያቃተኝ እኔ ነኝ። የወገቤ ዲስክ ተንሸራቶ ነርቭ ስለ ተጫነ የካቲት ላይ ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ፣ ሐኪሙ አንድ ጊዜ ደግሞ መደገም አለበት ይላል። ለእናቴ ግን «ወገቡን ትንሽ አሞታል» ብቻ ይበሉልኝ። በእርግጥም እሄዳለሁ፣ ምግቤንም ራሴ አበስላለሁ። ይሁን እንጂ እዚህ የከባድ መኪና ሹፌር የሐኪም ማረጋገጫ ከሌለው መንዳት አይፈቀድለትም፤ ሐኪሙም አልፈረመልኝም። መኪናውን የገዛሁት በብድር ስለ ነበር አበዳሪው ወስዶ በጨረታ ሸጠው፣ የተሸጠበት ዋጋ ዕዳውን ስላልሸፈነም ቀሪውን ከእኔ ይጠይቃል። የሆስፒታሉና የክሬዲት ካርዶቹ ሲታከሉበት 58,000 ዶላር ደርሷል። በአንደኛው ካርድ ላይ እናቴ ባሕር ዳር በታከመች ጊዜ የላክሁት አለበት፤ ይህን የማነሣው እንዲከፋዎ አይደለም፣ ዛሬም ቢመጣ አደርገዋለሁ። ዕዳው በመጠጥና በጭፈራ የመጣ እንዳይመስላችሁ ብቻ ነው።

ስለዚህ በፍርድ ቤት ኪሳራ ለማወጅ እያሰብሁ ነው። ይህ ቃል ለእርስዎ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ አውቃለሁ። በአያቶቻችን ዘመን ባለዕዳና ባለገንዘብ በሰንሰለት ተቆራኝተው አብረው ይውሉ እንደ ነበር ያጫወቱኝ እርስዎ ነዎት፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ስልኩ ሲጮህብኝ ያ ቁራኛ ትዝ ይለኛል። ነገር ግን ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 15ን ሲያስተምሩኝ፣ በየሰባቱ ዓመት ዕዳ የሚተውበትን ዓመተ ኅድገት እግዚአብሔር ራሱ እንዳዘዘ የነገሩኝም እርስዎ ነዎት። የዚህ አገር ሕግ ኪሳራን እንደ ወንጀል አይቆጥረውም፤ የመኖሪያ ፈቃዴንም አያሳጣኝም።

ለችግረኛ በነጻ የምትሠራ ጠበቃ እንዳስረዳችኝ፣ መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ቻፕተር 13 የሚሉት ሲሆን ዕዳውን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በየወሩ እየከፈሉ ንብረትን ማቆየት ነው፤ የማይቋረጥ ገቢ ስለሚጠይቅ ለእኔ አይሆንም። ሁለተኛው ቻፕተር 7 ነው። ማመልከቻው እንደ ገባ ባለገንዘቦች መደወልና መክሰስ ያቆማሉ፤ ፍርድ ቤቱ የሚሾመው ንብረት ጠባቂ ያለኝን ሁሉ መርምሮ ሕጉ ለባለዕዳው ከሚተውለት ውጭ የሆነውን ሸጦ ያከፋፍላል፤ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ የሆስፒታሉና የካርዱ ዓይነት ዕዳ ይሰረዛል። ስሜ በብድር መዝገብ ላይ እስከ 10 ዓመት ይቆያል። የማመልከቻው ክፍያ 338 ዶላር ነው፤ ገቢው እጅግ ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ሊቀርለት ይችላል።

ከቅጾቹ አንዱ ባለፉት ሁለት ዓመታት ለአንድ ሰው በድምሩ ከ600 ዶላር በላይ ስጦታ ሰጥቼ እንደ ሆነ ይጠይቃል። አንድ ሌሊት የሐዋላ ደረሰኞቼን ሁሉ አልጋዬ ላይ ደረደርኋቸው። ለእናቴ የግፊት መድኃኒት፣ ለጣሪያው ቆርቆሮ፣ ለፋሲካ በግ፣ ለታናሽ እህቴ የኮሌጅ ክፍያ፤ የአንዳንዱ ቀለም ስለ ጠፋ መብራት ላይ ከፍ አድርጌ አነበብሁት። የእናቴን ስም ስጦታ ተቀባይ ብዬ ቅጹ ላይ ስጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠ። ለእናት የተላከ ስጦታ ይባላል እንዴ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጋሼ መታመሜንና ዕዳ ውስጥ መግባቴን በሰው ሰምቶ ኖሮ፣ ባለፈው ሳምንት ደውሎ «ውክልናው በእጄ ስላለ፣ ባለገንዘቦቹ ሳይሰሙ ቤትህን በስሜ ላዛውረው» አለኝ። ለእኔ ብሎ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ወንድሜ ክፉ አያስብም። ነገር ግን ቅጹ በየትም አገር ያለኝን ንብረትና ለማንም ያዛወርሁትን ሁሉ ይጠይቃል፤ የምፈርመውም በመሐላ ነው። ደብቄ ባዛውረው ዝውውሩ ሊፈርስ፣ የዕዳው ምሕረት ሊከለከል፣ ከዚያም አልፎ እስር ሊመጣ ይችላል። እስሩ እንኳ ቢቀር፣ የእርስዎ ልጅ በሐሰት ምሎ ምሕረት አይለምንም። ቤቱን ቅጹ ላይ ካስመዘገብሁት ሊነካ እንደሚችል አልደብቅዎትም። የሁለቱ ክፍል ኪራይ ለእናቴ መድኃኒት እንደሚውል እያወቅሁ ይህን መጻፍ ከወገቤ ሕመም ይልቅ ያመኛል።

የአጎቴም ነገር አለ። ስወጣ ያበደረኝን ከባንኮቹ አስቀድሜ ልከፍለው ብዬ ነበር። ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ለዘመድ የተከፈለ ዕዳ ግን ከዘመዱ ሊጠየቅ ስለሚችል ጠበቃዋ አይሆንም አለችኝ፤ ስሙም ከባለገንዘቦቹ ጋር መጻፍ አለበት። ፍርድ ቤቱ የእርሱንም ዕዳ ቢሰርዘው፣ በፈቃዴ ብከፍል ሕጉ አይከለክለኝም፤ እኔም እከፍለዋለሁ። ይህን እርስዎ ራስዎ ቤቱ ሄደው ይንገሩልኝ።

ገና ያላመለከትሁትም በምክንያት ነው። ካመለከትሁ በኋላ የሚመጣ ዕዳ አይሰረዝልኝም፤ በቻፕተር 7 ዳግመኛ ለመሰረዝም ስምንት ዓመት መጠበቅ ግድ ነው። ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ከፊቴ እያለ ብቸኩል የእርሱ ሂሳብ በላዬ ይቀራል። የአካል ጉዳት ክፍያም ጠይቄአለሁ፤ ቢፈቀድ እንኳ የአምስት ወር መጠበቂያ አለው። ያን ክፍያ እነዚህ ባለገንዘቦች ሊነኩት ስለማይችሉ፣ ገቢዬ እርሱ ብቻ ከሆነ ኪሳራ ላያስፈልገኝ እንደሚችል ጠበቃዋ ነግራኛለች፤ ያኔ ቤቱም ይተርፍ ነበር። ነገር ግን እኔ እድናለሁ፣ ወደ ሥራም እመለሳለሁ፤ ባለገንዘቦቹ አስፈርደውብኝ ከቆዩ ከደመወዜ ይቆርጣሉ። ስለዚህ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለማመልከት ልቤ አዘንብሏል፤ ያለ ምርቃትዎ ግን አልፈርምም።

የእህቴ ሠርግ ስለ እኔ እንዳይራዘም። ጥር ላይ ይሁን፣ ዳሱ ይነስ፣ ሁለት በሬ የተባለው አንድ ይሁን። ወርቁን እኔ እገዛለሁ ብዬ ቃል እንደ ገባሁ አልረሳሁም፤ ፊቷን እያየሁ ይቅርታ ብላት እንዴት በወደድሁ። ሙሽራዋ ስትወጣ በበሩ በኩል የሚቆመው ወንድም ማን ይሆን እያልሁ ሌሊቱን ስገላበጥ አድራለሁ።

የቤቱን ካርታና የውክልናውን ወረቀት ጋሼ ፎቶ አንሥቶ፣ ኔትወርክ ሲገኝ ይላክልኝ፤ ቀኑና ማኅተሙ ይታይ። በመልእክተኛው እጅ ያለው ነጭ ጫማ የእህቴ ነው፤ ሳልታመም የገዛሁት ነው፣ ቁጥሩ 38። እናቴ ራሷ ታስለካት።

ልጅዎ